የወሎ ረሃብተኛና የአዲስ አበባ ባለታክሲ፦ የማን ጩኸት ተሰማ?

ጥያቄ፦ አባቴ በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ሰው በደሴ መንገድ ዳር ሲረግፍ ሰሚ እንዳልነበረ ዛሬም ያነሱልናል። በየካቲት 1966 ግን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ባቆሙ በአምስት ቀን ከንጉሠ ነገሥቱ መልስ አገኙ ይባላል። የሕዝብ ጩኸት ባለሥልጣናትን የሚያስገድድ ከሆነ የወሎው ለምን ሳይሰማ ቀረ? (አንድ አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ አባትዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ወሎ ግን ዝም አላለም። አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ በእግራቸው የተጓዙ ገበሬዎችን ፖሊስ መልሷቸዋል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ሥፍራው ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው በመመለስ ጉዳዩ እንዲታወቅ ጥረዋል። የጎደለው ድምፅ ሳይሆን፣ ድምፁ የሚያስቆመው ነገር ነበር። የተራበ ገበሬ ቀዬውን ጥሎ ሲሰደድ በዋና ከተማው የሚስተጓጎል ሥራ የለም፤ ሚኒስትሩም በማግስቱ እንደ ወትሮው ቢሮው ይገባል።

የካቲት 11 ቀን 1966 የተጀመረው አድማ ከዚህ የተለየ ነበር። ከአረብና እስራኤል ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲንር፣ ታክሲ ነጂዎች ታሪፋቸውን እንዲጨምሩ ሳይፈቀድላቸው ጭማሪውን ከኪሳቸው እንዲችሉ ተደረገ። መምህራንም በደመወዛቸው ማነስና የድሃ ልጆችን የትምህርት ዕድል ያጠብባል ተብሎ በተፈራው፣ «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ምክንያት ሥራ አቆሙ። ከተማዋ ቆመች። ከሁሉም በላይ ጥያቄዎቹ በአንድ ፊርማ ሊመለሱ የሚችሉ ነበሩ፤ የካቲት 16 ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጅ ዋጋ እንዲቀንስና የትምህርት ዕቅዱ እንዲዘገይ መወሰናቸውን አስታወቁ።

ይሁን እንጂ ታክሲ ነጂው ብቻውን ይህን አስገኘ ብሎ ማመን፣ በእኔ አስተያየት፣ ታሪኩን ማጉደል ነው። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር አምፀው፣ ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ጄኔራል አግተው የራሳቸውን ምግብና ውኃ አስቀምሰዋቸው ነበር። ቤተ መንግሥቱ የከተማውን አድማ የተመለከተው የጦሩን ማጉረምረም እየሰማ ነው። የካቲት 18 የአስመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ሲያምፅ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሥልጣኑን ለቀቀ። ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ደግሞ ሌላውንም ጠያቂ ያነቃል፦ የካቲት 28 ሠራተኞች በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ።

የወሎው ረሃብ በመጨረሻ ለባለሥልጣን ውሳኔ የዋለው ሌሎች ሲፈልጉት ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራውና በብሪታንያ በጥቅምት 1966 የታየው ፊልም፣ በደርግ ትእዛዝ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አባትዎ በደሴ መንገድ ዳር ሲወድቁ ያዩዋቸው ሰዎች ያን ጊዜ ከሞቱ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።