የጀርባ አጥንት መጣመም፦ ለመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ምን ይዘን እንሂድ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ13 ዓመት ልጄ ለበዓል ቀሚስ ስታሰፋ፣ ልብስ ሰፊው ጫፉን ሁለት ጊዜ ቢያስተካክለውም በአንድ ወገን ከፍ እያለ አስቸገረው። ጥፋቱ የመቀሱ አለመሆኑን ያወቅነው ራጅ ከተነሳች በኋላ ነው። ሐኪሙ ስኮሊዮሲስ (የጀርባ አጥንት ወደ ጎን መጣመም) መሆኑን፣ የመጣመሙ መጠንም 22 ዲግሪ እንደሆነ ነግሮን ሐረር ለፊዚዮቴራፒ ልኮናል። ምን ይዘን እንሂድ? ልጄ ልብሷን አውልቃ መታየቱን ከወዲሁ ፈርታለች፤ እኔ ደግሞ ከባድ የደብተር ቦርሳ እያሸከምኩ ያጣመምኳት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ከባድ ቦርሳ ትከሻና ወገብ ሊያሳምም ይችላል እንጂ ስኮሊዮሲስን አያመጣም። በልጅዎ ዕድሜ የሚታየው አብዛኛው መጣመም መንስኤው በውል የማይታወቅ፣ ነገር ግን በቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም የሚችል ነው። ስለዚህ ራስዎን መውቀሱን ትተው፣ በእርስዎም ሆነ በአባቷ ወገን ጀርባው የተጣመመ ዘመድ እንዳለ ቢያጠያይቁ ይሻላል፤ ባለሙያው ይህን መጠየቁ አይቀርም።

የመጀመሪያው ቀን ከሕክምናው ይልቅ ልኬቱ የሚበዛበት ነው። ባለሙያው ልጅቷን በባዶ እግሯ አቁሞ የትከሻዋንና የዳሌዋን ከፍታ ግራና ቀኝ ያስተያያል፣ የእግሮቿን ርዝመት ይለካል፣ ከዚያም መዳፎቿን ገጥማ ጉልበቷን ሳታጥፍ ወደ ፊት እንድታጎነብስ ያደርጋታል። ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ጸጉሯን ስትታጠብ ከኋላዋ ቆመው ቢመለከቱ፣ በአንዱ ጎን ያለው የጎድን አጥንት ከሌላው ከፍ ብሎ ይታይዎት ይሆናል፤ ባለሙያውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከፍታው የሚፈጠረው አከርካሪው ወደ ጎን ከመጣመሙ በተጨማሪ በራሱ ዙሪያ ስለሚዞርም ነው፤ «ቀጥ በይ እንጂ» እያሉ መቆጣት የማይፈይደውም ለዚህ ነው።

ራጁን በተመለከተ፣ የተጻፈውን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ራሱን ሳያጥፉ ይያዙ፤ ቆማ የተነሳችውና አከርካሪዋን በሙሉ የሚያሳየው መሆኑንም ያረጋግጡ። ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በፊት ለሳል የተነሳችው የደረት ራጅ ካለ እሱንም ይጨምሩ፤ አከርካሪውን በከፊል ስለሚያሳይ ለውጡን ለማነጻጸር ይረዳል። በማደግ ላይ ባለች ልጅ ከ25 ዲግሪ በታች የሆነ መጣመም በአብዛኛው በክትትልና በእንቅስቃሴ የሚያዝ ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ የጀርባ ድጋፍ (በሰውነት ላይ የሚታሰር መደገፊያ) ይታሰባል፤ ቀዶ ሕክምና የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አንድ ራጅ በሁለት ሰው ሲለካ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያይ ስለሚችል፣ 22 የነበረው 24 ተብሎ ቢነገርዎት አይደናገጡ።

ብዙ ወላጆች የሚዘነጉት የዕድገቷን ታሪክ ነው። መጣመሙ በፍጥነት የሚብሰው ልጅ በምትመዘዝበት ወቅት ነውና፣ የወር አበባዋ ጀምሮ እንደሆነና መቼ እንደጀመረ ጽፈው ይያዙ። ቁመቷን በበር መቃን ላይ በእርሳስ ያሰመሩ ከሆነም፣ መስመሮቹን ለክተው ከነቀናቸው ይውሰዱ፤ ባለሙያው የሚደሰትበት ማስረጃ ነው።

ስለ ልብሱ፣ ጀርባዋ መታየቱ ግድ ነው፤ ራቁቷን መቆም ግን የለባትም። ቁምጣና በስተኋላ ጀርባን የማይሸፍን ጡት መያዣ ወይም የዋና ልብስ ከቤት ለብሳ በላዩ ሰፊ ሸሚዝ ብትደርብ፣ ጸጉሯንም ወደ ላይ ብታስይዝ ይበቃል። ሴት ባለሙያ እንድታያት መጠየቅ ይችላሉ፣ እርስዎም አብረው ይግቡ። ጥያቄዎቹን ግን እሷ ትመልስ፤ እናት ስትመልስ ልጅ የምትደብቀው ሕመም ይኖራል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መዛል፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ወጌሻ አከርካሪዋን «ላቃናላት» ቢል አይፍቀዱ።

ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሚያስመልሳት ከሆነ ቀለል ያለ ቁርስ አብልተው በማለዳ ይነሱ፤ ደክማና ተጎሳቁላ ስትቆም አቋሟ እንደወትሮው አይሆንም። የሚሰጣትን እንቅስቃሴ አስፈቅደው በስልክዎ ይቅረጹ። ለግራና ለቀኝ የሚታዘዘው ስለሚለያይ፣ ቤት ገብታ «የትኛው ጎን ነበር?» ስትል ቪዲዮው ይመልስላታል።