ማንኮራፋትና የጥርስ ሐኪም ምን አገናኛቸው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

እሺ፣ ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ሥራ የለኝም፣ ቡናዬም ቀርቧል፣ ጠይቁ። ለማታውቁኝ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከሥራዬ ግማሽ ያህሉ ስሊፕ አፕኒያ ላለባቸው ሰዎች አፍ ውስጥ የሚደረግ ዕቃ መሥራት ሆኗል። ስሊፕ አፕኒያ ማለት እንቅልፍ ላይ እያለን ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ነው። ትንፋሹ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆመ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። አፋችሁን ሳላይ ስለ አፋችሁ አልፈርድም፤ እሱን ከወዲሁ እንስማማ።

ባለቤቴ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይሰማል። ሐኪሙ ወደ ጥርስ ሐኪም ላከው። ጥርሱ ግን ምንም አልሆነም። ምን አገናኘው?

ጥርሱ እዚህ መያዣ ብቻ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስም ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ በተለይ በጀርባ ስንተኛ። ምላስ ደግሞ የታሰረው ከታችኛው መንጋጋ ጋር ነው። መንጋጋውን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ካመጣነው ምላስም ተከትሎ ይመጣል፣ ከኋላው ያለው የአየር መንገድ ይከፈታል። አሁኑኑ ሞክሪው። አፍሽን ዘግተሽ እያወቅሽ አንኮራፊ። ቀጥለሽ የታች ጥርሶችሽን ከላይኞቹ ፊት አውጥተሽ እንደገና ለማንኮራፋት ሞክሪ። አስቸገረሽ አይደል? ዕቃው የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ። አንዱ ክፍል ከላይ ጥርስ ላይ ይገጥማል፣ ሌላው ከታች፣ ሁለቱ ተያይዘው መንጋጋው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዙታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፒየር ሮቢን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አገጫቸው ወደ ኋላ ለቀረ ሕፃናት መንጋጋ የሚያስቀድም ዕቃ ከሠራ መቶ ዓመት አልፎታል።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ኡበር እነዳለሁ። ቀይ መብራት ላይ ሸለብ ያደርገኛል። ሚስቴ «ታንኮራፋለህ፣ ዝም ትላለህ፣ ከዚያ ድንገት ታጓራለህ» ትለኛለች። ድካም ነው ወይስ ይሄ በሽታ? በቀጥታ አንተ ጋ ልምጣ?

ወንድሜ፣ መብራት ላይ ሸለብ ካደረገህ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ለሐኪምህ ደውል። እስከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲልህ መንገድ ዳር ቁም፤ የዕለት ገቢ ይቀራል እንጂ።

እኔ ጋ ግን በቀጥታ አትምጣ። ከመጣህም መጀመሪያ ወደ ምርመራ ነው የምልክህ። እኔ ምልክት አያለሁ፦ የተፋጨ ጥርስ፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ አሻራ ያለበት ምላስ፣ ጠባብ ላንቃ፣ «አ» በል ስልህ ጉሮሮህ የማይታይ መሆኑ። በሽታው አለብህ ወይም የለብህም የሚለው ግን የእንቅልፍ ሐኪም ነው፣ ያውም በምርመራ። እቤት የሚሠራ ምርመራ አለ። ጣትህ ላይ አንድ ነገር፣ ደረትህ ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫህ ሥር ቀጭን ቱቦ አድርገህ ትተኛለህ። ውጤቱ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽህ እንደቆመ ወይም እንዳነሰ ይነግርሃል። ከ5 በታች ደህና ነው፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ። 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው አንዴ ነው፤ አስበው።

ለራስህ ግምት እነዚህን ስምንት ነገሮች ቁጠር፦ ድምፅህ ከፍ ብሎ ታንኮራፋለህ? ቀን ትደክማለህ? ትንፋሽህ ሲቆም ሰው አይቷል? ደም ግፊት አለብህ? ክብደትህ በጣም ከፍ ያለ ነው? ዕድሜህ ከ50 አልፏል? የአንገትህ ዙሪያ ከ40 ሴንቲሜትር ይበልጣል? ወንድ ነህ? ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለህ ተመርመር። አንተ ገና ሳትለካ አራቱን በጽሑፍህ ሰጥተኸኛል፤ ወንድ ነህ፣ አንኮራፊ ነህ፣ ቀን ትተኛለህ፣ ሚስትህም አይታለች።

የትራክ ሾፌሮችም ሲፓፕ በተባለው፣ በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት በሚያደርገው ማሽን ፈንታ የጥርሱ ዕቃ ይበቃናል ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል፣ አብሬ ልመልስ። ሲፓፕ ማሽኑ በየሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁበት ይመዘግባል፣ የጥርሱ ዕቃ ግን አብዛኛው አይመዘግብም። ስለዚህ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የጤና ፈቃድ የሚሰጣችሁን ሐኪም ጠይቁት።

እናቴ በልጅነቴ እንጥሌን አስቆርጣኛለች። እንጥል የሌለው ሰውም ይሄ ይይዘዋል?

ይይዘዋል። ይህን ጥያቄ ከእኛ ሰው በቀር የሚጠይቀኝ የለም፣ ወድጄዋለሁ። እንጥል ከላንቃ ጫፍ የምትንጠለጠል ትንሽ ሥጋ ናት። መዘጋቱ ግን ከምላስ ጀርባ፣ ከለስላሳው ላንቃ ወይም ከጎን ግድግዳው ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቦታ በላይ ነው። እንጥል መቆረጡ ዋስትና አይሆንም። በነገራችን ላይ ለሚመረምርህ ሐኪም ንገረው፤ አለበለዚያ አፍህን ሲያይ ግራ ይገባዋል።

ሌሊት ታፍኜ እየጮህኩ እነቃለሁ። ቤተሰብ ዱካክ ነው ይለኛል፣ ጠበልም ሄጃለሁ።

ጠበሉን ቀጥዪ፣ ምርመራውንም ጨምሪበት። ዱካክ ስንል ብዙ ጊዜ ሰው ነቅቶ ሰውነቱ አልንቀሳቀስ ሲለውና ደረቱ ላይ የተጫነ ነገር ያለ ሲመስለው ነው። ያ ሌላ ነው። አየር አጥቶ እየታፈኑ መንቃት ግን የአፕኒያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሴቶች ላይ ደግሞ በቀላሉ ያልፋል፤ ሳያንኮራፉ የጠዋት ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መቆራረጥና ድካም ብቻ ይዘው ይመጣሉ፣ «ጭንቀት ነው» ተብለው ይመለሳሉ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደግሞ አደጋው ይጨምራል።

ሲፓፕ ተሰጥቶኝ አልጋ ሥር ከገባ ስድስት ወሩ። የጥርሱ ዕቃ እኩል ይሠራል?

አልዋሽህም። በሰዓት ትንፋሽ የሚቆምበትን ቁጥር በማውረድ ሲፓፕ ይበልጣል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ሲድኒ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያሳትመው የጀርባ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በአፍንጫ አየር ገፍተህ ካስገባህ ጉሮሮው አይዘጋም። ዛሬም ከባድ አፕኒያ ላለበት መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። ግን አልጋ ሥር ያለ ማሽን ማንንም አያድንም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞችና የእንቅልፍ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የጋራ መመሪያ ሲፓፕ ያልቻለ ወይም ሌላ አማራጭ የመረጠ ሰው በልኩ የተሠራ የአፍ ዕቃ እንዲታዘዝለት ይመክራሉ። ሰዎች ዕቃውን ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚያደርጉት የመጨረሻው ጥቅም ይቀራረባል።

ሆኖም ተስፋ ከመቁረጥህ በፊት ማስኩን አስቀይር። ብዙ ጊዜ ችግሩ የማስክ ልክ ነው። የኔን ሥራ ለመሸጥ ብዬ የምመክርህ ስላልሆነ እመነኝ።

ጉዳት የለውም? ጥርስ ያንቀሳቅሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ያንቀሳቅሳል፣ እውነት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ምራቅ ይበዛል ወይም አፍ ይደርቃል፣ መንጋጋ ይዝላል። ጠዋት ዕቃውን ስታወጪ የኋላ ጥርሶችሽ አይገጥሙም፣ ዳቦ ለመቁረስ ትቸገሪያለሽ። ለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚነከስ ትንሽ ፕላስቲክ እሰጣለሁ፤ ቡናሽ እስኪፈላ ነክሰሽው መንጋጋው ወደ ቦታው ይመለሳል። በዓመታት ውስጥ ግን የንክሻሽ ልክ ትንሽ ሊቀየር ይችላል፣ ለአንዳንዱም እስከመጨረሻው። ሳትነገሪ ከተሠራልሽ ሐኪምሽ አጥፍቷል።

ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ ጥርስ የለኝም፣ ሰው ሠራሽ ነው የማደርገው። ይሠራልኛል?

እማማ፣ ዕቃው የሚይዘው ጥርስ ይፈልጋል። ሰው ሠራሹ ደግሞ ሌሊት ይወልቃል። ለእርስዎ ሲፓፑ ይሻላል። ከታች ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የተተከለ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ካለዎት ግን ንገሩኝ፣ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ጥርስ እያላቸው ድዳቸው የታመመ ወይም ጥርሳቸው የሚነቃነቅ ሰዎችም መጀመሪያ እሱን ነው የሚያሳክሙት።

ሜዲኬር ይከፍላል? የጥርስ ኢንሹራንሴ «አይመለከተንም» አለኝ።

ልክ ብሏል፣ የሚመለከተው የሕክምና ኢንሹራንስህን ነው። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የሕክምና ኢንሹራንስ) ፓርት ቢ በተባለው ክፍሉ ይሸፍናል፤ ሐኪም በአካል አይቶህ፣ የእንቅልፍ ምርመራ ኖሮህ፣ ትእዛዝ ተጽፎልህ፣ የጥርስ ሐኪም ሲሠራው። ከራስህ ኪስ ከሆነ ብዙ ጊዜ 2,000 ዶላር አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ዋጋውን በጽሑፍ ሳትቀበል አፍህን አታስለካ።

አዲስ አበባ ነኝ። ፈልቶ የሚነከሰውን ርካሽ ዕቃ አክስቴ ከአሜሪካ ትላክልኝ?

አትላክ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ የምትነክሰው ዕቃ መንጋጋህ ምን ያህል እንደቀደመ አይታወቅም፣ ይወልቃል፣ ጥርስንም ያለ ቦታው ይገፋል። ትልቁ ጉዳቱ ግን ድምፁን ቀንሶ በሽታውን ሊደብቅ መቻሉ ነው። ለጊዜው አንድ ሰው ስትተኛ በስልክ ይቅረጽህና ቪዲዮውን ለአንገት በላይ ወይም ለሳንባ ሐኪም አሳይ። በጎንህ ተኛ። ማታ ማታ አረቄና ቢራ ተው፣ ጡንቻውን ያላላዋል። ክብደት ካለ መቀነሱ እውነተኛ ለውጥ ያመጣል።

የ6 ዓመት ልጄ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ያንኮራፋል፣ አልጋ ላይም ይሸናል።

እኔን ሳይሆን የሕፃናት ሐኪሙን፣ ከዚያ የአንገት በላይ ሐኪም። ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ያበጠ ቶንሲል ነው። የአዋቂ ዕቃ ለልጅ አይሠራም፣ መንጋጋው ገና እያደገ ነው። ክፍል ውስጥ አልቀመጥ እያለ መምህሩ ካማረረም ለሐኪሙ ንገሪው፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ እንደ አዋቂ አይደክመውም፣ ይቅበጠበጣል።

ዕቃው ከተሠራልኝ ሦስት ዓመቱ። ሚስቴ «ተገላገልኩ፣ ድምፅህ ጠፋ» ትላለች። ሌላ ምርመራ ምን ያደርጋል?

ይህን የሚጠይቀኝ ስለማይጠፋ አንድ ታካሚዬን ልንገርህ። ታክሲ ነጂ ነው፣ ምርመራው በሰዓት 41 ነበር፣ ሲፓፑን አልቻለም። ዕቃውን ሠራንለት። መንጋጋው ወደ ፊት መሄድ ከሚችለው 60 በመቶ ያህል ላይ ጀመርን። ዕቃው ጎን ላይ ትንሽ ብሎን አለው፣ በቀጭን ቁልፍ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ይዞራል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ባለቤቱ በስልክ አመሰገነችኝ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እሱም «ደህና ነኝ» አለ፣ ለምርመራ ግን ሁለት ቀጠሮ አለፈው። በስንት ልመና ዕቃውን አድርጎ ተመረመረ። 22። ድምፁ ጠፍቷል፣ ትንፋሹ ግን አሁንም በየሦስት ደቂቃው እየቆመ ነበር። ብሎኑን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያዞርን መንጋጋውን በጠቅላላው ሌላ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ፊት አመጣነው፣ በጀርባው እንዳይተኛም ሚስቱ ከሸሚዙ ጀርባ ኪስ ሰፍታ የቴኒስ ኳስ አስገባችበት። ቀጣዩ ምርመራ 7 መጣ። ኳሱ አሁንም አለ፤ ኪሱ ሲቀደድ እየደገመች ትሰፋዋለች።