መልስ፦ አባቴ በ68 ዓመታቸው ካራቴ ቢጀምሩ ይጎዳቸዋል?

ወንድሜ፣ አባትህ በ68 ዓመታቸው ካራቴ ልጀምር ማለታቸው አስግቶህ «ልከልክላቸው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ አትከልክላቸው። በዚህ ዕድሜ እጅግ የሚያሰጋው መውደቅ ነው፤ የዳሌ ስብራት ስንቱን ጠንካራ ሰው አልጋ ላይ አስቀርቷል! ሚዛንና የእግር ጉልበት የሚዳብሩት ደግሞ በእንቅስቃሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ያወጣው መመሪያ 65 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንንና የጡንቻ ጉልበትን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይመክራል።

ከካራቴ ለእርሳቸው የሚጠቅመው ካታ ነው፤ ያለ ተጋጣሚ፣ በቅደም ተከተል የሚሠራው። አንድ እርምጃ ሲራመዱ ክብደታቸው ከኋላ እግር ወደ ፊተኛው ቀስ ብሎ ይሻገራል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ወገብ ይዞራል፤ አእምሮም ቀጣዩን እንቅስቃሴ ያስታውሳል። ፍልሚያው ግን ይቅርባቸው። ጁዶም መወርወር ስላለበት አጥንታቸው የሳሳ ከሆነ አልመክርም። ሚዛናቸው ከወዲሁ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ታይቺ በሚባለው ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ ቢጀምሩ ይሻላል፤ የአረጋውያንን መውደቅ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል።

አስቀድሞ ሐኪም ልባቸውን፣ የደም ግፊታቸውንና አጥንታቸውን ይመርምርላቸው። ሲሠሩ ትንፋሻቸውን አፍነው እንዳይይዙ ንገራቸው፤ ግፊትን በድንገት ከፍ ያደርጋል። ጉልበታቸውን ካመማቸው ብዙ ዝቅ ሳይሉ ይቁሙ። አሠልጣኙን ደግሞ ራስህ ሄደህ አነጋግረው፤ «እዚህ ሁሉም እኩል ነው የሚሠራው» የሚል ከሆነ ሌላ ፈልግላቸው።