ጣልቃ የገባው ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አንድ ጽሑፍ ላይ «የሌዘር ጣልቃ ገብነት መለኪያ የስበት ማዕበልን አዳመጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አልገባኝም። ጣልቃ የገባው ማን ነው? አማርኛውስ ልክ ነው?

መልስ፦ ማንም አልገባም። ችግሩም እሱ ነው፤ «ጣልቃ ገብነት» የተባለው የእንግሊዝኛው «ኢንተርፌረንስ» ቃል በቃል ሲተረጎም ነው።

በአማርኛ ጣልቃ የሚገባው ሳይጠሩት የሚመጣ ሦስተኛ ወገን ነው። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ጣልቃ ይገባል። እዚህ መሣሪያ ውስጥ ግን ባዕድ የለም። አንድ የሌዘር ብርሃን (የመርካቶውን ሌዘር ጃኬት ይርሱት) ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ ብርሃኖች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ቱቦዎች ውስጥ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይሄዳሉ። ጫፍ ላይ መስታወት ይመልሳቸዋል፤ ከተነሡበት ቦታ እንደገና ይገናኛሉ። የአንዱ ሞገድ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር ከገጠመ ብርሃኑ ይደምቃል። ከፍታው ከዝቅታ ጋር ከገጠመ ግን ይጠፋፋሉ።

«ይጠፋፋሉ» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ብዙ ጊዜ ያልተያዩ ወዳጆች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ምነው ተጠፋፋን!» ይባባላሉ። ጠላቶችም ይጠፋፋሉ። አንዱ ባለቤት፣ ሌላው ተሳቢ አይሆንም፤ ድርጊቱ የጋራ ነው። ብርሃኖቹም የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። ስለዚህ እኔ «የሞገድ መደራረብ» እላለሁ። የፊዚክስ ሰው «ቃሉ ሰፋብኝ» ሊለኝ ይችላል፤ ይበለኝ፣ ከጣልቃ ገብነት ይሻላል። መሣሪያውንም ኢንተርፌሮሜትር ብሎ መተው ነው። ቴርሞሜትርም እንዲሁ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል።

ወደ ማዕበል እንምጣ። ማዕበልም ሞገድም ከግእዝ የመጡ ናቸው፤ በአማርኛ ግን ሥራ ተከፋፍለዋል። ማዕበል ጀልባ ይገለብጣል። ሬዲዮ የምንሰማው «በአጭር ሞገድ» ነው። የስበት ሞገድ (ቦታን ራሱን በጥቂቱ እየለጠጠና እየጨመቀ የሚያልፍ ሞገድ) ደግሞ ሲኒ እንኳ አያንቀሳቅስም። አሜሪካ ውስጥ በሃንፎርድና በሊቪንግስተን ያሉት ሁለቱ የላይጎ (የስበት ሞገድ መፈለጊያ ጣቢያ) መሣሪያዎች የመጀመሪያውን የያዙት መስከረም 3 ቀን 2008፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሰባት ሰዓት አሥር ጉዳይ ገደማ ነበር። ሞገዱ በእኛም በኩል አልፏል፤ ምሳችንን ስንጠባበቅ ማን ልብ አለው? በዚያ በ4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ያመጣው ለውጥ በአቶም እምብርት ውስጥ ያለችውን የአንዲት ፕሮቶንን ስፋት አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ይህን ማዕበል ማለት ይከብደኛል።

«አዳመጠ» የሚለው ግን አያስነቅፍም። የሞገዱ እርግብግቢት በሴኮንድ ከ35 ተነሥቶ እስከ 250 ገደማ የወጣ ስለሆነ፣ ወደ ድምፅ ሲለወጥ በጆሮ ይሰማል። ብቻ ማዳመጥ ጆሮ ሰጥቶ መጠበቅ ነው። መሣሪያዎቹ ሲያዳምጡ ቆይተው በዚያች ቀን ሰሙ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የሌዘር ኢንተርፌሮሜትሩ የስበት ሞገድ ሰማ።»