ስለ «ኦሜናና» መጽሔት ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ

ከኮምቦልቻ የጻፉልን ጠያቂ፣ አፍሪካውያን የምናብ ልብወለድ የሚያወጡበት የኢንተርኔት መጽሔት መኖሩንና ታሪኩን ጠይቀዋል። አለ፤ «ኦሜናና» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ማዚ ንዎንዉ እና ቺኔሎ ኦንዉዋሉ የተባሉ ናይጄሪያውያን ጸሐፍት የመሠረቱት ሲሆን፣ ከአህጉሩና ከዳያስፖራው የሚላኩ ድርሰቶችን ለአንባቢ በነጻ ያቀርባል።

ስያሜውን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ቃሉ ናይጄሪያ ውስጥ በሚነገረው በኢግቦ ቋንቋ የአገር ወግና ልማድ ማለት ነው፤ ስለ መጪው ዘመን፣ ስለ መናፍስትና ስለ ሩቅ ዓለማት የሚተርክ መጽሔት በወግ ስም መጠራቱ፣ የምናብ ድርሰት ከውጭ የተዋስነው ሳይሆን ከአያቶቻችን ተረት የወረስነው መሆኑን የሚያስረዳ ይመስለኛል። እዚህ ደሴ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ መስኮቱን በሸፈነበት አንድ ማለዳ ከታሪኮቹ አንዱን በስልኬ ሳነብ፣ አያቴ አቦሉን እየቀዳች ስለ ጅኖች የምትነግረን ተረት ድምፅዋ ሳይቀር ትዝ አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የአፍሪካ የምናብ ድርሰት ጸሐፍት ማኅበር መመሥረቱ ይፋ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም «ኖሞ» የተሰኘው ሽልማቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። እንዲህ ያለው ሽልማት አጫጭር ልብወለዶችንም ስለሚያወዳድር፣ እንደ ኦሜናና ያሉ ትንንሽ መጽሔቶች ለጀማሪ ደራሲ ትልቅ በር ናቸው። መጽሔቱ በዋናነት የሚታተመው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለመጀመር አጠር ያለውን ታሪክ ይምረጡ።