ማስቲሽ ለሚስብ ልጅ መመጽወት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳስቀድስ በደጁ ለሚለምኑ የጎዳና ልጆች እመጸውት ነበር። በብሩ ማስቲሽ እንደሚገዙበት ካየሁ ወዲህ ግን «በሌሎች ኃጢአት አትተባበር» የሚለውን ቃል ፈርቼ ተውሁ። አጠፋሁ ወይ?

መልስ፦ የተወደዱ እኅታችን፣ ብሩን መከልከልዎ አያስነቅፍዎትም፤ የሚያሳዝነኝ ከብሩ ጋር ልጁንም መተውዎ ነው። የጠቀሱት ቃል (1ኛ ጢሞ. 5፥22) ጢሞቴዎስ ለክህነት እጁን ፈጥኖ እንዳይጭን የተነገረ ነው እንጂ እንጀራ ለመከልከል አይጠቀስም።

ከብዙ ምእመናን የምሰማው ስሕተት ልጁን ጎዳና ያወጣው ሱሱ ነው የሚለው ነው። ለብዙዎቹ ግን ጎዳናው ቀድሞ ሱሱ ተከትሏል፤ እናቱ የሞተችበት፣ ዱላ ከቤት ያባረረው፣ ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥቶ መናኸሪያ የቀረ ልጅ ማስቲሹን የሚለምደው በረንዳ ማደር ከጀመረ በኋላ ነው።

በኅዳር ብርድ ከማኅሌት ስወጣ አንድ ትንሽ ልጅ ከአጥሩ ሥር ተኮራምቶ አገኘሁ። የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቶቹ ስቦ የሃይላንዱን ፕላስቲክ እንደ ጡጦ ከአፉ አስጠግቶታል። ለምን እንደሚስበው ብጠይቀው «አባ፣ ብርዱን ያስረሳል፤ ረሃቡንም» አለኝ። ከጣና የሚነሣው ነፋስ የእኔን ጋቢ እንኳ አልፎ ይገባ ነበር። ሐዋርያው ያዕቆብ የሚያስፈልጋቸውን ሳይሰጡ «እሳት ሙቁ፥ ጥገቡ» ማለት ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀው (2፥15-16) ስለዚህ ልጅ መሰለኝ።

«ሲተወው እረዳዋለሁ» አይበሉ። ጌታ ለምጻሙን መጀመሪያ ንጻና ና አላለውም፤ ከነለምጹ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው እንጂ (ማቴ. 8፥3)። ዳቦውን ገዝተው በእጁ ይስጡት፤ እስኪጨርስም አጠገቡ ይቀመጡ።

በጽኑ የምናገረው ደግሞ እነዚህን ልጆች በዱላ ከቅጥሩ ለሚያሯሩጡ ወንድሞች ነው። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የማስቲሹ ትነት የልብን ምት ስለሚያውክ፣ ገና የሳበ ልጅ ደንግጦ ሲሮጥ ልቡ በድንገት ሊቆም ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ልጅ የሚሞትበት ስፍራ እንዳይሆን እለምናችኋለሁ!

እኅታችን፣ ጠበል ሊያስጠምቁት ካሰቡ እሰየው፤ ነገር ግን ሐኪምንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና (ሲራክ 38) ወደ ሆስፒታልም ይዘውት ይሂዱ። ልጁ ዛሬውኑ እሺ ላይልዎት ይችላል። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ስሙን ጠይቀው፣ በዚያው ስም ይጥሩት።