መልስ፦ ማልታ በሁለት ቀን የትኛውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ልይ?

ሰላም እህቴ። ሁለት ቀን ብቻ እንዳለሽና ከየት እንደምትጀምሪ ጠይቀሻል። መጀመሪያ የሃል ሳፍሊኒን ትኬት አሁኑኑ ቁረጪ። ከመሬት በታች ከአለት የተፈለፈለ መቃብር ነው። በሰዓት 10 ሰው ብቻ ስለሚያስገቡ ከሳምንታት በፊት ያልቃል።

የመጀመሪያውን ቀን ለሃጃር ኢምና ለምናይድራ ቤተ መቅደሶች ስጪው። ሁለቱን የሚያገናኘው ቁልቁለት መንገድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ፊት ለፊትሽ ባሕሩ ተዘርግቶ ይታያል። በጠዋት ሂጂ፣ ፀሐዩ አይቻልም። ሃጃር ኢም 20 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ አለው። እኔን ግን ይበልጥ የማረከኝ ምናይድራ ነው። በሮቹ አጠገብ ያሉትን ድንጋዮች ቀረብ ብለሽ እዪ። ፊታቸው በሙሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ጉድጓዶች ተወቅሯል። ብረት በሌለበት ዘመን፣ በድንጋይና በአጥንት መሣሪያ! ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ከሄድሽ ደግሞ የንጋት ፀሐይ በዋናው በር ገብታ እስከ ውስጥ ድረስ ስትዘልቅ ታያለሽ።

በሁለተኛው ቀን በጀልባ ወደ ጎዞ ደሴት ተሻገሪ፤ 25 ደቂቃ ያህል ነው። እዚያ ያለው የጂጋንቲያ ቤተ መቅደስ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3600 አካባቢ ነው። ከጊዛ ፒራሚዶች በ1000 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። የአገሬው ተረት የሠራችው ባቄላ እየበላች፣ ልጇን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ድንጋይ የተሸከመች ግዙፍ ሴት ናት ይላል። ግድግዳው ሥር ስትቆሚ ተረቱ ለምን እንደተፈጠረ ይገባሻል።

ጫማሽ የማያንሸራትት ይሁን፣ ውኃም ያዢ።